ለሥልጠና ውጭ ልትወጡ ነው? ከአገሩ በፊት ቪዛውን ምረጡ

«የቱ አገር ይሻላል?» ብሎ የሚጀምር ሰው ይዞር ይዞርና እዚያው ይመለሳል። ለሠልጣኝ የሚሰጥ ቪዛ ከአገር አገር ብቻ ሳይሆን አንድ አገር ውስጥም ይለያያል። አንዱ ሥልጠናው እንዳለቀ «ሻንጣህን አንሣ» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «ጨርስና ሥራ ፈልግ» ይላል። ስለዚህ ስለ ደሞዝና ስለ ከተማው ውበት ከማውራታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ሥልጠናው ባለቀ ማግስት ሕጉ ምን ይላችኋል? ሁለተኛ፣ ወረቀታችሁ የተንጠለጠለው በማን ላይ ነው? በአሠልጣኙ ድርጅት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ከአለቃችሁ ጋር የተጣላችሁ ቀን የመኖሪያ ፈቃዳችሁም አብሮ ሊወድቅ ይችላል።

ኢንሹራንሱ፣ የባንክ ወረቀቱ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ያሰለቻል እንጂ የሚከብድ አይደለም።

አሜሪካ፦ ጄ-1 ወይስ ኤች-3?

ብዙ ሰው የሚያውቀው ጄ-1 የሚባለውን የልውውጥ ቪዛ ነው። ለሥልጠና የሚሆነው ጄ-1 ራሱ ግን ሁለት ነው። ኢንተርን የሚባለው ገና ተማሪ ለሆነ ወይም ከተመረቀ 12 ወር ላልሞላው ሲሆን ቢበዛ 12 ወር ያስቆያል። ትሬይኒ የሚባለው ደግሞ ዲግሪ ወይም የሙያ ሰርተፍኬት ኖሮት፣ ከአሜሪካ ውጭ ቢያንስ 1 ዓመት በዚያው ሙያ ለሠራ ሰው ነው። ዲግሪ ከሌለው 5 ዓመት የሥራ ልምድ ይያዝለታል። ትሬይኒ እስከ 18 ወር ይቆያል፤ ሆቴልና ቱሪዝም ላይ ግን ጣሪያው 12 ወር ነው።

አንድ ክፍተት አለ፣ ብዙ ወጣት የሚወድቀው እዚያ ነው። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖት በሙያው ሥራ ያልያዘ ሰው ለኢንተርን ዘግይቷል፣ ለትሬይኒ ደግሞ ልምድ ይጎድለዋል። ኤጀንሲ «እኛ እናስተካክለዋለን» ካለው የሚያስተካክለው በሐሰት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሲጣራ ቪዛ መከልከል ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ማጭበርበር ተብሎ ዕድሜ ልክ የሚከተል ነገር ነው።

ጄ-1 ላይ ስፖንሰራችሁ የምትሠለጥኑበት መሥሪያ ቤት አይደለም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሰጠው ሌላ ተቋም ነው። ዲኤስ-2019 የሚባለውን ወረቀት የሚያወጣው እሱ ነው፣ የሥልጠና ቦታው እንደተባለው ካልሆነም አቤት የምትሉት እሱ ጋ ነው። ይህ ጥሩ ጎኑ ነው፤ ቢያንስ በእናንተና በአሠሪው መካከል ሦስተኛ ሰው አለ። ስፖንሰሩ ስልክ የማያነሳ ከሆነ ግን ጥቅሙ በወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጥያቄ ላኩና ስንት ቀን እንደሚያቆያችሁ እዩ።

ከወረቀቶቹ ሁሉ በጣም የተናቀው ዲኤስ-7002 ነው። የሥልጠናው ዕቅድ ማለት ነው። ዕቅዱ በምዕራፍ ይከፈላል፤ በየምዕራፉ ምን እንደምትማሩ፣ ማን እንደሚከታተላችሁ፣ ምን እንደምትሠሩና በምን እንደምትመዘኑ ይጻፋል። «እንግዶችን ይቀበላል፣ ያስተናግዳል» ብሎ ያንኑ ለ12 ወር የደጋገመ ፎርም ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም ነው። ደህናው ፎርም መጀመሪያ የእንግዳ መቀበያውን ሲስተም፣ ቀጥሎ የክፍል ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ፣ ከዚያ ፈረቃ መምራትን እያለ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ቆንስሉ «ምን ልትማር ነው የምትሄደው?» ሲል መልሱ እዚህ ፎርም ውስጥ ነው ያለው። ፈርመውበት ሳያነቡት መስኮቱ ጋ የሚቆሙ ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። ሕጉም መስመር አለው፦ ሥልጠናው በሳምንት ቢያንስ 32 ሰዓት መሆን አለበት፣ የጽሕፈት ቤት ተራ ሥራ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ ሕፃን መጠበቅና ታካሚ መንከባከብ ጨርሶ አይፈቀድም።

ወጪው እንዲህ ነው። የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር፣ ሴቪስ የሚባለው የመመዝገቢያ ክፍያ 220 ዶላር። የስፖንሰሩ ክፍያ ከዚህ ውጭ ነው፤ ከተቋም ተቋም በጣም ስለሚለያይ በጽሑፍ ተዘርዝሮ ይሰጣችሁ። ኢንሹራንሱ ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ 100,000 ዶላር መሸፈን አለበት፣ ለሕክምና ማጓጓዣ 50,000፣ አስከሬን ለመመለስ 25,000፣ እናንተ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ደግሞ በአንድ ሕመም ከ500 ዶላር መብለጥ የለበትም። ርካሽ የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝቶ «አለኝ» ማለት አይሠራም፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስተያዩ።

ኢንተርቪው ላይ የሚከለከለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚከለከለው በአንቀጽ 214(ለ) ነው። ሕጉ ራሱ ቆንስሉን «ይህ ሰው ሊቀር ነው ብለህ ጀምር» ይለዋል፤ ግምቱን ማፍረስ የአመልካቹ ሥራ ነው። ስለዚህ «ሠልጥኜ ስመለስ ምን እሠራለሁ» የሚለው መልስ የእውነት ይሁን፣ አጭርም ይሁን። ሌላም አለ፤ የቪዛ ማመልከቻ ፎርሙ ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀማችሁባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቶች ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 ጀምሮ ደግሞ የጄ አመልካቾች አካውንታቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዘዋል። ከኢንተርቪው በፊት በነበረው ሌሊት ሁሉንም መደምሰስ ብልጠት ሊመስላችሁ ይችላል፣ ጥርጣሬ መጥሪያ ነው።

አሁን ወደ ማግስቱ ጥያቄ። ጄ-1 ሲያልቅ 30 ቀን የመሰናበቻ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ አንዳንዱን የሚይዝ የሁለት ዓመት ግዴታ አለ፤ ወደ አገር ተመልሶ 2 ዓመት ሳይኖሩ ኤች ወይም ኤል የሚባሉትን የሥራ ቪዛዎች ወይም ግሪን ካርድ ማግኘት አይቻልም። የሚይዘው ሁሉንም አይደለም። ሥልጠናው በመንግሥት ገንዘብ ከሆነ፣ ሙያችሁ ለአገራችሁ በወጣው የሙያ ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ ወይም የሐኪም ስፔሻሊቲ ሥልጠና ከሆነ ይይዛችኋል። የሙያ ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ተሻሽሎ ብዙ አገሮች ከዝርዝሩ ወጥተዋል፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ ምክር አሁን ላይሠራ ይችላል።

ኤች-3 የሚባለው የሠልጣኝ ቪዛ በጣም ጥቂት ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። እስከ 2 ዓመት ያስቆያል፣ የሚያመለክተው ግን አሠልጣኙ ድርጅት ራሱ ነው። ሥልጠናው በአገራችሁ እንደማይገኝም ማሳየት አለበት፣ ምርታማ ሥራ ላይ መሰማራትም የሥልጠናው አካል ካልሆነ አይፈቀድም። ትልቅ ኩባንያ የውጭ ቅርንጫፍ ሠራተኛውን ዋናው መሥሪያ ቤት አምጥቶ ሲያሠለጥን ይመቻል። በግል ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም።

ጀርመን፦ ረጅሙ መንገድ

ጀርመን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አውስቢልዱንግ የሚባለው የሙያ ሥልጠና ከ2 እስከ 3 ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ አብላጫው ሥራ ቦታ ላይ ነው፣ ቀሪው የሙያ ትምህርት ቤት፣ ደሞዝ ደግሞ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አለ። ዝቅተኛው በሕግ የተወሰነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ለጀመረ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በወር 682 ዩሮ ነበር፣ በ2026 ለሚጀምር 724 ዩሮ። መዋጮው ሳይቆረጥ ማለት ነው፤ በዚህ ብር ትልቅ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ መኖር አይሞከርም። በነርስነት፣ በመንግሥት ሆስፒታሎች የደሞዝ ስምምነት የሚሠለጥን ሰው ግን ከመጀመሪያው ዓመት ከ1,300 ዩሮ በላይ ያገኛል። ስለዚህ «ጀርመን ስንት ይከፍላል?» ሳይሆን «የትኛው ሙያ ስንት ይከፍላል?» ነው ጥያቄው። ክፍያው ለኑሮ ከሚጠየቀው መጠን ካነሰ ልዩነቱን በዝግ የባንክ ሂሳብ ወይም በዋስ ማሟላት ግድ ነው።

የቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ብቻ ነው። ዋጋው የሚወጣው ቋንቋ ላይ ነው። በጥቅሉ ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ጀርመንኛ ይጠየቃል፤ ከዜሮ ተነሥቶ እዚያ መድረስ በትጋት ለሚያጠና ሰው እንኳ የአንድ ዓመት ያህል ሥራ ነው። ሠርተፍኬቱን በፈተና ዘዴ ማግኘት ይቻል ይሆናል። የሙያ ትምህርት ቤቱ ግን አናጺውንም ነርሱንም በጀርመንኛ ነው የሚፈትነው፣ እዚያ በቢ1 መንፏቀቅ ስቃይ ነው። ከፍ ያለውን ደረጃ፣ ቢ2ን፣ ይዛችሁ ብትሄዱ የመጀመሪያው ዓመት በግማሽ ይቀላል።

ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር ይጀምራል። ውል ለማግኘት በዓመት ቀድሞ ማመልከት የተለመደ ነው። ውል ሳይኖራችሁ ሄዳችሁ መፈለግ ከፈለጋችሁም ቪዛ አለ፤ ዕድሜ ከ35 በታች፣ ቢ1 ጀርመንኛ፣ ለከፍተኛ ትምህርት የሚያበቃ የትምህርት ማስረጃና የራስ ገንዘብ ካለ እስከ 9 ወር ይሰጣል፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራትም ይፈቀዳል። እኔ ግን ቪዲዮ ኢንተርቪው በሞላበት ዘመን ዘጠኝ ወር ብር እየበሉ መፈለግን አልመርጥም። ውሉን ከቤት ሆናችሁ ያዙ።

ማግስቱ? ጀርመን የምትለየው እዚህ ላይ ነው። ሥልጠናውን የጨረሰ ሰው በሙያው ሥራ ካገኘ ፈቃዱን ይቀይራል፣ ካላገኘ መፈለጊያ ጊዜ ይሰጠዋል። እዚያው ሠልጥኖ በሙያው 2 ዓመት የሠራ ሰው ደግሞ ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላ ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ይችላል። አሠልጣኙ ድርጅት ቢያባርራችሁ ወይም ቢዘጋስ? ጥፋቱ የእናንተ ካልሆነ ፈቃዱ ከመሰረዙ በፊት ሌላ ቦታ እንድትፈልጉ እስከ 6 ወር ይሰጣል። ግን ልብ በሉ፦ የሙከራ ጊዜ አለ፣ በአብዛኛው ሙያ ከ1 እስከ 4 ወር። በዚያ ጊዜ ማንኛውም ወገን ያለማስጠንቀቂያ ውሉን ማፍረስ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ወራት አለመቅረት፣ አለመዘግየት።

እንግሊዝና አውስትራሊያ

እንግሊዝ «ጋቨርንመንት ኦቶራይዝድ ኤክስቼንጅ» የሚባል ቪዛ አላት። እንደ ፕሮግራሙ 12 ወይም 24 ወር ነው። እዚህም ስፖንሰሩ በመንግሥት የጸደቀ ፕሮግራም የሚያስተዳድር አካል ነው፤ ማንኛውም ኩባንያ ተነሥቶ «ና ላሠልጥንህ» ሊል አይችልም። የሚገርመው ለዚህ ቪዛ የእንግሊዝኛ ፈተና አይጠየቅም (ፕሮግራሙ ራሱ ሊጠይቅ ይችላል)። ዋናው ሸክም ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 በወጣው ተመን ማመልከቻው 319 ፓውንድ፣ ከ6 ወር በላይ ለሚቆይ የጤና ክፍያ በዓመት 1,035 ፓውንድ። ስፖንሰሩ ዋስ ካልሆነ በስተቀር 1,270 ፓውንድ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሂሳባችሁ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ለአንድ ቀን እንኳ ከዚያ ቢወርድ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ለአንዳንድ አገር ነዋሪዎች የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም አለ። ማግስቱ ግልጽ ነው፦ ቋሚ ሥራ መያዝ አይቻልም፣ ትመለሳላችሁ።

አውስትራሊያ ሰብክላስ 407 የሚባል ቪዛ አላት፣ እስከ 2 ዓመት። ሦስት እርከን አለው፦ ድርጅቱ ስፖንሰር ሆኖ ይጸድቃል፣ እናንተን ይሰይማል፣ ከዚያ እናንተ ታመለክታላችሁ። በአብዛኛው የሥራ ቦታ ሥልጠና ይጠበቃል። ክህሎት ለማሻሻል የሚሄድ ሰው ባለፉት 24 ወራት ውስጥ ቢያንስ የ12 ወር ሙሉ ጊዜ ሥራ ወይም ትምህርት በሙያው ማሳየት አለበት። ቤተሰብ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ለባለትዳር ሠልጣኝ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሐኪሞች ለብቻ ናቸው። እንግሊዝ ለውጭ ሐኪሞች «ሜዲካል ትሬይኒንግ ኢኒሺዬቲቭ» የሚባል የ24 ወር ፕሮግራም አላት፣ የሚሄደው በዚሁ በእንግሊዙ ቪዛ ነው፣ ሲያልቅ መመለስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠናው) በጄ-1 እስከ 7 ዓመት ይደርሳል፣ የሁለት ዓመቱ ግዴታ ግን ሁሉንም ይይዛል። ሌላው ሠልጣኝ ከአገሩ መንግሥት «ተቃውሞ የለንም» የሚል ደብዳቤ አምጥቶ ሊለቀቅ ይችላል፤ ሐኪም በዚህ ደብዳቤ አይለቀቅም።

ጃፓንና የአውሮፓ ኅብረት

ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የቴክኒክ ሠልጣኞች ፕሮግራም አላት፣ እስከ 5 ዓመት ያስቆያል። ስሙ ሥልጠና ነው፤ ፋብሪካና እርሻ ላይ ግን ብዙው ሠልጣኝ በቀጥታ ሠራተኛ ነበር። ትልቁ ችግሩ አሠሪ መቀየር አለመቻሉ ነው። አለቃው ቢበድልም ወይ መቻል ወይ መጥፋት ነበር ምርጫው። በ2024 በወጣው ሕግ ፕሮግራሙ ይፈርስና ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ በሌላ ይተካል፤ አዲሱ በመሠረቱ የ3 ዓመት ነው፣ መነሻ የጃፓንኛ ችሎታ ይጠይቃል፣ በቅድመ ሁኔታ በዚያው ሙያ አሠሪ መቀየር ይፈቅዳል። አሁን ፕሮሰስ የጀመራችሁ በየትኛው ሕግ እንደምትሄዱ በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ልዩነቱ እንዲህ ቀላል አይደለም። ፓስፖርታችሁን መያዝ ወይም «ካቋረጥክ ይህን ያህል ትከፍላለህ» የሚል ውል ማስፈረም በአሮጌውም ሕግ ክልክል ነው።

በአውሮፓ ኅብረት በ2016 የወጣ የጋራ ደንብ አለ። የሚያገለግለው የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ ለሆነ ወይም ከተመረቀ 2 ዓመት ላላለፈው ነው። የሥልጠና ስምምነት ይጠይቃል፣ በመሠረቱ ጣሪያው 6 ወር ነው። ዴንማርክና አየርላንድ የሉበትም። ዝርዝሩ በየአገሩ ይለያያል። አጭርና ንጹሕ ነገር ለሚፈልግ አዲስ ተመራቂ ደህና ነው።

የኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ሥራና ልምድ ላለው፣ አንድ ዓመት ሄዶ ሲቪውን ከፍ አድርጎ ሊመለስ ለሚፈልግ፣ ጄ-1 ወይም የእንግሊዙ ይበቃል። ዲግሪ ለሌለውና መቆየትን ለሚያስብ ጀርመን፣ ቋንቋውን ለመማር አንድ ዓመት መክፈል ከቻለ ብቻ። ቤተሰብ ያለው አውስትራሊያን ይይ። ጃፓንን ሙያውን እዚያ ካልሆነ ማግኘት ለማይችል ሰው እተወዋለሁ፣ አዲሱ ሕግ በተግባር እስኪታይ።

ዝግጅቱን በምን ቅደም ተከተል?

ወረቀቶቻችሁን ሁለት ቦታ ክፈሏቸው፦ የሚበላሹና የማይበላሹ። ዲፕሎማ፣ ትራንስክሪፕት፣ የልደት ሰርተፍኬት አይበላሹም፤ እነሱን ዛሬውኑ ጀምሩ። የነሱ ፈተና ማረጋገጥ ነው። አገራችሁ የ1961 የሄግ አፖስቲል ስምምነት አባል ከሆነች ብዙ ጊዜ አንድ ማኅተም ይበቃል፤ ካልሆነች ሰነዱ ከቢሮ ቢሮ፣ መጨረሻ ላይም ኤምባሲ ድረስ ይንከራተታል። ስማችሁ በፓስፖርቱና በዲፕሎማው ላይ በአንድ ፊደል ቢለያይ አሁን አስተካክሉ። ቆንስል ፊት «ያው ነው እኮ» ማለት አያዋጣም።

የሚበላሹት ደግሞ ቀድመው ከወጡ ኪሳራ ናቸው። የእንግሊዝ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚያገለግለው 6 ወር ነው። የእንግሊዙ ስፖንሰር ማረጋገጫና የጃፓኑ የብቁነት ሰርተፍኬት እያንዳንዳቸው 3 ወር። የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ፈተና) ውጤት 2 ዓመት። ከፖሊስ የሚወጣ የወንጀል ነፃ ወረቀትም ቶሎ ያረጃል። እነዚህን ቀጠሮ ሲቃረብ አውጡ። ለአሜሪካ ቪዛ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ በዜግነት አገራችሁ ወይም በምትኖሩበት አገር ማመልከት ይጠበቅባችኋል፤ ወረፋው አጭር ወደ ሆነበት ጎረቤት መሮጥ የድሮ ዘዴ ነው።

ደላላውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ቪዛ «እርግጠኛ ነው» የሚል፣ ኦሪጅናል ፓስፖርት «ለጊዜው እኛ ጋ ይቀመጥ» የሚል፣ «በቱሪስት ቪዛ ግቡና እዚያ እንቀይረዋለን» የሚል ከሆነ ስልኩን ዝጉት። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነት ኤጀንሲዎች በመሠረቱ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይወስዱ ይላል። ሁሉም አገር አልፈረመውም፣ ግን ስትከራከሩ ጥሩ መነሻ ነው። ገንዘብ ከከፈላችሁ በባንክ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ስትበሩ ወረቀቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ሻንጣ ውስጥ የገባ ዲኤስ-2019 ድንበር ላይ ለሚጠይቀው መኮንን የለም ማለት ነው። ጄ-1 ከመጀመሪያው ቀን ከ30 ቀን በፊት ቀድሞ መግባት አይቻልም፣ እንደደረሳችሁም ስፖንሰሩ መግባታችሁን ሲስተም ላይ እንዲያረጋግጥ አድራሻ ላኩለት። ጀርመን ቤት ከገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ቤት አከራዩ የሚፈርመው ወረቀት ስለሚያስፈልግ ውል ስትፈርሙ አብራችሁ ጠይቁ። እንግሊዝ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ የፕላስቲክ መኖሪያ ካርድ ትታ ኢቪዛ በሚባለው የኦንላይን ፈቃድ ላይ ናት፤ አካውንቱን ከመብረራችሁ በፊት ክፈቱና የያዛችሁት ፓስፖርት ቁጥር እዚያ ላይ መመዝገቡን አረጋግጡ።